የጾሙ ዱቄት

እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ቂሊንጦ አካባቢ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ የከብትና የዶሮ ክትባት በሚመረትበት ግቢ፣ የሠራተኞቹን ነጭ ጋውን አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጣጥፌ በትንሿ መስኮት አቀብላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ውስጥ ስለሚሠራው ነገር የማውቀው ልብሱ ይዞልኝ የሚመጣውን ብቻ ነበር። ደም ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ቅባት ከሆነ ሙቅ ይፈልጋል። አንዲት ሮዝ ቀለም ግን ነበረች፣ ሳሙና ሲነካት ጭራሽ የምትደምቅ። ታጥባ ትወጣለች፤ ከመውጣቷ በፊት ግን አንዴ ፈክታ ትታየኛለች። ዛሬም ያቺን ቀለም ገንዳው ውስጥ ባየኋት ቁጥር ልጄ ትዝ ትለኛለች።

ልጄ እዚያው ግቢ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ነበር የምትሠራው። እኔ አላስገባኋትም፤ እሷ ናት እኔን ያስገባችኝ። በላብራቶሪ ዲፕሎማ ይዛ ስትቀጠር፣ "እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ፤ እዚህም አጣቢ ትፈልጋላችሁ" ብላ ጠየቀችልኝ። አባቷ ገና በልጅነቷ ነው ያረፈው። ሁለታችን ብቻ ነን። ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በአንድ ሰርቪስ እንሳፈራለን፣ ማታ በአንድ ሰርቪስ እንመለሳለን። እሷ መስኮት ዳር፣ እኔ አጠገቧ። ሠራተኛው "ማዘርና ላብራቶሪዋ መጡ" እያለ ይቀልድብን ነበር። አይከፋኝም ነበር። እንደውም ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

ሥራዋ ሴል ማሳደግ ነው። ክትባቱ የሚባዛው ሴል ውስጥ ነው አለችኝ። ሴሉ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ይበላል። ምን እንደሚበላ መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዬን አስቀመጥኩ።

"የጥጃ ደም?"

"ደሙ ራሱ አይደለም እማ፣ ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ውሃው። ሴረም ይባላል። ካልተወለደ ጥጃ ነው የሚወሰደው።"

"ካልተወለደ?"

"ላሟ ታርዳ ሆዷ ውስጥ ሲገኝ…"

"በይ በቃ! እራት ልንበላ ነው።"

ከዚያ ወዲያ የእሷን ጋውን ለብቻው አጥበው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ይከነክነኛል። እሷ ትስቅብኛለች፤ "እኔ አልበላውም እኮ፣ ሴሎቹ ናቸው የሚበሉት" ትለኛለች።

ታዲያ አንድ ቀን ሰርቪስ ውስጥ ፊቷ ፈክቶ መጣች። ደም የሌለበት ምግብ ሊመጣ ነው አለች። ከውጭ አገር፣ በዱቄት መልክ፣ በታሸገ ከረጢት። በተጣራ ውሃ ይበጠበጣል፣ እንደገና ይጣራል፣ ለሴሎቹ ይቀርባል። የጥጃ ነገር የሚባል የለበትም። ከኋላችን የሚቀመጠው የቦይለር ሠራተኛ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ኖሮ፣

"በቃ ሴሎቹም ጾም ሊይዙ ነው በይኛ!" አለ።

ሰርቪሱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሮው "የፍስኩ"፣ አዲሱ "የጾሙ" ተባለ። ማናጀሩ ሳይቀር "የጾሙ ዱቄት የት ደረሰ?" ማለት ጀመረ።

ለመድረስ ብዙ ፈጀ። ዶላር የለም ተባለ፣ የባንክ ወረፋ ነው ተባለ፣ ጉምሩክ ይዞታል ተባለ። በመጨረሻ ሲገባ ልጄ እንደ አራስ ነው የጠበቀችው። ብርሃን እንዳያየው፣ ሙቀት እንዳይነካው፣ እርጥበት እንዳይገባበት። እርጥበት ካገኘው እንደ ክረምት ጨው ይጓጉላል አለችኝ። ከረጢቱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ሙሉውን ነው የሚበጠብጡት፤ ግማሹን ተጠቅሞ ግማሹን አጥፎ ማስቀመጥ የለም። ይሄ እኔ አልገባኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ስኳሩንም ዘይቱንም እያጋመስኩ ነው የኖርኩት።

"የጾሙ ችግሩ ስስ ነው፣" አለችኝ አንድ እሁድ፣ ከኋላዬ ተቀምጣ ፀጉሬን እየሠራችልኝ። "ድሮ ሴረሙ ብዙ ነገር ይሸከምላቸው ነበር። ውሃው ትንሽ ቢያስቸግር፣ ጠርሙሱ በደንብ ሳይለቀለቅ ቢቀር፣ እሱ ይከልልላቸዋል። አሁን ጋቢያቸው ተገፈፈ በይው። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ያልቃሉ።"

"ታጣሩት የለም እንዴ?"

"ማጣሪያው ጀርም ነው የሚይዘው። የሟሟ ነገር ያልፋል። አንቺ ሻይ ስታጣሪ ቅጠሉ ማጥለያው ላይ ይቀራል፤ ስኳሩስ ይቀራል?"

"የት ይቀራል!"

"በቃ እሱ ነው።"

ያችን የሻይዋን ነገር ያን ጊዜ እንደ ዋዛ ነበር የሰማኋት።

የፋብሪካው ባለቤት እናት አሏቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ይሄን ለይሉኝታ ብዬ አይደለም የምጽፈው። በዓል ሲመጣ እኛን አጣቢዎችን እንኳ አይረሱም፤ ስማችንን ይዘው "ልጅሽ ደህና ናት?" ብለው ይጠይቃሉ። ለአዲሱ ዱቄት አዲስ ታንከር ሲተከል፣ ልጃቸውን "ሳይባረክ ሥራ አይጀመርም" አሉት። እሱ እናቱን እምቢ አይልም። ዱቄቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበጠበጥበት ቀን ተመርጦ ቄስ ተጠሩ። ቄሱ የእኛው አጥቢያ አገልጋይ ናቸው፣ እኔንም ልጄንም ያውቁናል።

እኔ የዚያን ቀን እንግዶቹ የሚደርቡትን ጋውን አቀብዬ እዚያው መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ታንከሩ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ግን ለሙከራ ስለሆነ ቤት ካለን የውሃ በርሜል ብዙም አይበልጥም። ልጄ ዱቄቱን ጨምራ ማማሰያው ይዞር ነበር፤ ውሃው ያችን ሮዝ ቀለም ይዟል። ማናጀሩ፣ እንግዶቹ ቀለሙን ይዩት ብሎ ክዳኑን አስከፈታት።

ቄሱ ጸሎታቸውን አደረሱ። በሩን ረጩ፣ ግድግዳውን ረጩ፣ ሰዉን ረጩ። ታንከሩ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው ዙሪያውን ብቻ ረጩ። ልጄ እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ለማናጀሩ አንድ ነገር ስትለው አየሁ። ምን እንዳለችው አይሰማኝም፤ እሱ ግን ገላመጣት። ያን ጊዜ የባለቤቱ እናት የጸበሉን ጀሪካን ከቄሱ እጅ ተቀበሉ። የእሳቸው ድምፅ ትልቅ ነው፣ መስታወት አያግደውም።

"ዋናው ይሄው አይደለም እንዴ፣ ምን ትሰስታላችሁ!" አሉና የተረፈውን ገለበጡት።

ታንከሩ ውስጥ። ትንሽ አልነበረም። ከምንጭ የተቀዳ ጸበል ነው፣ የእምነት አፈር ተበጥብጦበት ደፍረስ ያለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ከመስኮቱ ወዲህ እልል አልኩ። ልጄ ብቻ አፏን በእጇ ያዘች።

ማታ ሰርቪስ ውስጥ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

"ይደፋና ሌላ ከረጢት ከፍተን እንበጥብጥ አልኩት ማናጀሩን።"

"ምን አለሽ?"

"'ጸበል የገባበትን ድፉት ትያለሽ? ያውም እማማ በእጃቸው የጨመሩትን? ያውም በስንት መከራ የመጣ ዱቄት?' አለኝ።"

"ጸበል እኮ አይደፋም፣ ልጄ።"

"እማ፣ ሴሎቹ ይሄንን አያውቁም።"

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።"

የሰማ አልነበረም። የቦይለር ሠራተኛው አፉን ከፍቶ ያንኮራፋ ነበር።

ሴሎቹ ምግባቸውን ሲበሉ ሮዙ ቀለም ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ሲበሉ እንጂ። በየቀኑ ማታ "ተለወጠ?" እላታለሁ፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ከታንከሩ የተቀዳባቸው የሴሎቹ ጠርሙሶች እንደቀረቡ ሮዝ ሆነው ቀሩ፤ እንግዳው ያልነካው ማዕድ መሰሉ። ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ከጠርሙሱ ተላቀው፣ ተኮማትረው ይንሳፈፋሉ አለችኝ። አለቀሰች። በዓይን ለማይታይ ነገር ይለቀሳል? ይለቀሳል ለካ።

ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ተያዘ። አስመጪው ዱቄቴ ደህና ነው አለ። ውሃ የሚያጣሩት ውሃችን ደህና ነው አሉ። ማናጀሩ ዱቄቱ ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥቶ እርጥበት ነክቶታል አለ። የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ ደግሞ ያለው ልጄ ጋ ነው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው በይና ይቅለልልሽ፣" አላት። "አለበለዚያ ነገሩ አሻጥር ይሆናል። አሻጥር በሕግ ያስጠይቃል።"

እኔን ያቺ ቃል ገደለችኝ። አሻጥር። ሰርቪሳችን በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት አጥር በኩል ነው የሚያልፈው። እስከዚያ ድረስ አጥሩን ሳየው አላየውም ነበር። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትን እናቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አንዷ ልክ የእኔን ዓይነት ጫማ አድርጋለች፣ ያንኑ የፕላስቲክ። መኪናው ካለፈ በኋላም ዞሬ አያታለሁ። ምን ይዛ ይሆን? ቂጣ ያስገባሉ? ቢላ ያልነካው ዳቦ ነው የሚቀበሉት ወይስ የተቆረሰ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ገና ላልታሰረች ልጅ ስንቅ አሰናዳ ነበር።

የቦይለር ሠራተኛው ዓይኔን ተከትሎ አየ።

"አይዞሽ ማዘር፣ እዚህ ሴት አያስገቡም። ሴቶቹ ቃሊቲ ናቸው። ለታክሲ አያስቸግርሽም!"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከፍርሃት ነው። እጄ ግን የልጄን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ስንወርድ የጣቶቼ ምልክት አርፎበት አየሁ።

ኮሚቴ ፊት ቀረበች። በዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ተጠየቀ። አንዱ ዞሬ ነበር አለ፣ ሌላዋ ጸሎት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር አለች። ልጄ ያየችውን ተናገረች፤ ጸበሉ መግባቱን፣ ይደፋ ማለቷን። ማናጀሩ፣

"እንግዲህ ስሙ፣" አላቸው፣ "ጸበል አበላሸው ነው የምትለው። ጸበል!"

"ጸበሉ አላልኩም። ውሃው ነው ያልኩት። ማንኛውም ያልተጣራ ውሃ…"

"ጸበሉን ማንኛውም ውሃ አለችው ደግሞ።"

በቸልተኝነት ተከሳ ገብታ በክህደት ተፈርዶባት ወጣች። ማታ ሰርቪስ ላይ እኛ ከተቀመጥንበት ፊትም ኋላም ወንበሩ ባዶ ሆነ። ከማሸጊያ ክፍል ያለች ሴት፣ የልጄን የልደት ዳቦ የበላች ሴት፣ ለጎረቤቷ እየነገረች እኛ እንድንሰማ፣ "ጸበል መርዝ ነው ያለችው እኮ ይቺ ናት" አለች። ልጄ እስከ ኮዬ መስኮቱን ብቻ ስታይ ሄደች።

በማግስቱ ማናጀሩ ቢሮ ገባሁ። እርጥብ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ፣

"ጌታዬ፣ እኔም በመስኮቱ አይቻለሁ" አልኩት።

በትሕትና ነው የመለሰልኝ። እሱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

"እናት፣ እርስዎ እናቷ ነዎት። እናት ለልጇ ብትመሰክር ማን ይሰማታል? ይሂዱ ሥራዎትን ይሥሩ።"

ያን ጊዜ ነው ቄሱ ትዝ ያሉኝ። እሳቸውን ከሃዲ የሚላቸው የለም። ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? የረጩት ጸበል የልጄን ሥራ አበላሸ ልበል? ሁለት ጊዜ እስከ ደጀ ሰላሙ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ዛፍ ሥር ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩ።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ብናገር ይቆጡኛል።"

"እስቲ ተናገሪና እንየው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሻዩን ስኳር ሳይቀር። ማሰሪያውን ትተው ሰሙኝ። ከዚያ፣

"ያቺ ቀይ ውሃ ታዲያ ምንድን ናት?" አሉኝ።

"ምግብ ናት፣ አባቴ።"

"ምግብ! እኔ የሞተር ማቀዝቀዣ መስላኝ!" ብለው ራሳቸውን ያዙ። "ልጅቷ ክዳኑን ይዛ ስትቁለጨለጭ አይቻለሁ እኮ። አንድ ነገር አለ ብዬ ነው እጄን የሰበሰብኩት።"

"ኃጢአት አይደለም አባቴ? ጸበል አበላሸው ማለት?"

"ጸበል አምኖ ለመጣ ሰው ነው። አንቺ የቦካ ሊጥሽ ላይ ጸበል ገልብጠሽ ቢቀጥንብሽ፣ ጥፋቱ የጸበሉ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"በይ ነገ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።"

ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም። ለልጄ ስነግራት አቅፋኝ፣ ብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። "የሞተር ማቀዝቀዣ!" እያለች።

ቄሱ ቃላቸውን ጠበቁ። መጡ። ጥበቃው ቀጠሮ አለዎት ወይ ብሎ በር ላይ ፀሐይ አስመታቸው። ኋላ ማናጀሩ ወጥቶ መስቀላቸውን ተሳልሞ ቢሮ አስገባቸውና በሩ ተዘጋ። እኔ የታጠበ ጋውን እያሰጣሁ በገመዱ መካከል በሩን አያለሁ። ያሰጣሁትን መልሼ አወርዳለሁ፣ መልሼ አሰጣለሁ። ሲወጡ ወደ እኔ መጡ፤ ፊታቸውን ሳየው ገባኝ።

"ልጄ፣ ክስ የለም። እስርም የለም። መስቀል አስይዤ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።"

"ሥራዋስ አባቴ?"

"በሰላም ትሂድ ብለዋል።"

"ነገሯቸው? ክዳኑን፣ ጀሪካኑን?"

"ነገርኳቸው። ያውቁታል። ግን እኒያ እናት ልባቸው ደካማ ነው፣ በእሳቸው እጅ መሆኑን ቢሰሙ ይጎዳሉ አሉኝ። እሳቸውን ለማዳን ብለን…" አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ።

የአጥቢያችን አዲሱ አጥር በማን ገንዘብ እንደሚታጠር አውቃለሁ። አላነሳሁባቸውም። መስቀላቸውን ተሳልሜ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ልቤ እንዴት እንደተቃጠለ እሱ ይወቀው፤ ግን ከልቤም ነበር ያመሰገንኩት። እስር የለም ብለውኛላ። ስንቅ አልሸከምም።

ለልጄ ስነግራት ቆማ ሰማችኝና፣

"እኔ እስር አልፈራሁም እማ። አንቺ ነሽ የፈራሽው።" አለችኝ።

ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ቁልፉን አስረክባ ወጣች። የመጨረሻ ጋውኗ እንደማንኛውም ልብስ ክምሩ ውስጥ መጣልኝ፤ በክንዱ ጫፍ ሮዝ ነጠብጣብ ነበረበት። ሳሙና ሳስነካው ደመቀ፣ ከዚያ ለቀቀ። ተኩሼ፣ አጣጥፌ፣ በመስኮቱ ለአዲሷ ልጅ አቀበልኩ። ልጄ አሁን ቱሉ ዲምቱ አንድ ሱቅ የሞባይል ሽፋን ትሸጣለች። የሥራ ልምድ ማስረጃ አልሰጧትም፤ ሌላ ላብራቶሪ ስታመለክት "እዚያ ምን ሆነሽ ወጣሽ?" ይሏታል። እኔ እዚያው አለሁ። ቤት ኪራይ አለብን። ሰርቪስ ላይ መስኮት ዳር እቀመጣለሁ፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ሞልቷል፣ ሰው ረስቶታል።

ዓመት ሲዞር፣ ከሙከራው ቀጥሎ ዋናው ትልቅ ታንከር መጣ። የባለቤቱ እናት መጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ያው ቄስ መጡ። እኔም የእንግዶቹን ጋውን አቀብዬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ቄሱ ከመግባታቸው በፊት ማናጀሩ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ክዳኑን ከደነ። ብሎኖቹን አጠበቀ። በላዩ ላስቲክ አልብሶ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው።

"ምነው ዘጋችሁት?" አሉ የባለቤቱ እናት።

"ይሄኛው ሞዴል እየሠራ አይከፈትም፣ እማማ።"

"እንዲህ ነው?" ብለው ከላስቲኩ ላይ አፈሰሱት። ጸበሉ በታንከሩ ጎን ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ። ቄሱ አንዴ ወደ መስኮቱ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ማታ ቤት ስደርስ ልጄ ወጥ እያሞቀች ነበር። ነገርኳት። ላስቲኩን፣ ፕላስተሩን፣ ሞዴሉን። ትጮኻለች ብዬ ነበር።

"እንኳን ዘጉት፣" አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። ማማሰያውን አንዴ አዞረችው። "ይበላሉ ታዲያ?"

"ማን?"

"ሴሎቹ። ብርቱካን ይሆናል?"

ጋውኖቹ ሲመጡልኝ፣ ሳሙና ሳይነካቸው ነጠብጣቡን አየዋለሁ፤ ሰሞኑን ወደ ብርቱካን የሄደ ነው። አውቀዋለሁ።

"ይሆናል" አልኳት።

ጋዙን ቀነሰችና ሳህን አቀረበችልኝ። የእሷን አላወጣችም።